ማንም ያልገባበት ክፍል

መስከረም 21

ለእህቴ ልጅ፣

ባለሽበት አገር ጤናና ሰላም አይለይሽ። እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ፤ እጄ አሁንም ሞረድ ይይዛል። እናትሽም አለች። እንዴት እንዳለች ግን ዝርዝሩን ማወቅ አለብሽ፤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ሐኪሙ ለልቧ ያዘዘላትን ኪኒን ካቆመች ሰንብታለች። እኔ ያወቅሁት እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ሲላት ነው። «ምን እየወሰድሽ ነው?» ብላት አልጋው ሥር እጇን ሰድዳ ጠርሙስ አወጣች። የልብ ሽሮፕ ይላል። ማን እንደሠራው፣ የት እንደተሠራ አይልም። ማን አዘዘልሽ ብላት «ስልኬ ነው የነገረኝ» አለች።

ነገሩን ስከታተለው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሁላችሁም በምትጠቀሙበት በትልቁ መተግበሪያ ላይ የልብ ሕመምተኞች የሚወያዩበት ገጽ አለ። እናትሽ እዚያ ገብታ «ትንሽ ስራመድ ትንፋሼ ይቆራረጣል» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ሽሮፑ መጣ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ስልኳን በከፈተች ቁጥር። አንዲት ሴትዮ ነጭ ጋዎን ለብሳ «ኪኒን ሰለቸዎት?» ትላታለች። እናትሽ ሐኪም መሰለቻት። መተግበሪያው ሕመሟን ሰምቶ ለሽሮፕ ነጋዴ አቀበለ፤ ነጋዴውም አልጋዋ ድረስ መጣ። ሌባ እንኳ የሚገባው ጓጉንቸር ሰብሮ ነው። ይህኛው በባለቤቷ እጅ ተከፍቶለት ገባ።

ስለዚህ መተግበሪያውን ከስልኳ ላይ አጠፋሁት። ሳንጨቃጨቅ አልቀረንም።

«ልጄስ?» አለችኝ።

«ልጅሽን ሌላ ቦታ ታገኚያታለሽ።»

«የት?»

«ማንም የማይሰማችሁ ቦታ።»

«አንተ ደግሞ ሰው የሌለበት ቦታ ነፍስህ ነው። ጓጉንቸር ያሉህ በከንቱ አይደለም።»

ቤተሰቡ ያወጣልኝን ስም ታውቂዋለሽ። አልተቀየምኳትም።

በምትኩ ነፃውን መተግበሪያ ጫንኩላት። ነፃ ስልሽ ዋጋውን ማለቴ አይደለም። አሠራሩ ተገልጦ ተቀምጧል፤ ያጠና ሰው ሁሉ ገብቶ ሊመረምረው ይችላል። ማስታወቂያ የሚሸጥበት ጌታ የለውም። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንኳ የሌላውን ንግግር መስማት አይችሉም። ጎረቤቴ ጋ ያለ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ለብዙ ጊዜ ሳነብ ከርሜአለሁ፤ ዝም ብዬ ከሰው አፍ የለቀምኩት አይደለም።

ስልኳንም መተግበሪያውንም በአንድ የምስጢር ቃል እንድትቆልፍ ነገርኳት። ቃሉን ስትመርጥ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። የሥራዬ ደንብ ነው። ካዝና ጠግኜ ስጨርስ ባለቤቱ ቁጥሩን ሲሞላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ይህን ደንብ ለሀብታምም ለድሃም ጥሼ አላውቅም። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ የትም እንዳትጽፊ፣ ለእኔም ቢሆን» አልኳት። «ለአንተማ መቼ ነግሬህ አውቃለሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። እናትሽ እዚያ ውስጥ ክፍል ከፍታ ጠርታሻለች፤ የመነጋገሪያው ቦታ ክፍል ነው የሚባለው። እንዴት እንደሚገባ በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁ። ግን ትልቁን መጀመሪያ ጥለሽ ግቢ። እስከዚያው እኔ የምመልስልሽ በደብዳቤ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጆሮም ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 26

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ዓይንዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም ሥራውም እስካሁን አልጣለኝም። ሽሮፑን ደርሰው ስለወሰዱባት ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ምንም አላወቅሁም ነበር። ለእኔ «እግሬ ትንሽ ከብዶኛል» ብቻ ነው ያለችኝ።

ስለ ሌላው ነገር ግን የልቤን ልናገር ይፍቀዱልኝ።

የምሠራው የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አንሶላው በጋሪ ይወርዳል፣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ አጥፈን ወደ ላይ እንሰዳለን። ለነገ ማን እንደሚገባ አለቃችን ማታ በትልቁ መተግበሪያ ላይ ይለጥፋል። ቀድሞ «እኔ» ያለ ይገባል፤ ያልደረሰ ቤቱ ይውላል። ጥለሽው ውጪ ሲሉኝ መተዳደሪያዬን ጥለሽ ውጪ እያሉኝ ነው።

ይህ አንድ። ሁለተኛው የእናቴ ነገር ነው። እኔ ስወጣ እሷ ተኝታለች፤ እሷ ስትነሳ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። በተራው መስመር ስደውል ሰላምታ ሳንጨርስ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ድምጿን ቀድታ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ በዕረፍት ሰዓቴ የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተደግፌ እሰማዋለሁ። ምን እንደምትል ልንገርዎ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ሳንኳኳ ከልብስ መስፊያዋ ሳትነሳ «ማነው?» ትለኛለች። እኔም «ሌላ ማን ይመጣብሻል?» እላታለሁ። ይህን ካልሰማች አትከፍትም ነበር፤ ዝናብ ቢሆንም። አሁንም በስልክ እንደዚያው ነን። ድምጿን ስትልክ «ማነው?» ብላ ትጀምራለች፤ እኔም መልሱን ብቻ ቀድቼ እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚያ ሌላ አንባባልም፤ ግን ውዬ ለማደር ይበቃኛል።

እርስዎ ያጠፉት መተግበሪያ መስሎዎታል። እኔ የቀረብኝ ይህ ነው።

አጎቴ፣ እኔም ሽሮፕ ሻጮቹን አልወድም። ሁለቱንም ይዤ ልኑር፤ ለእሷም ትልቁን ይመልሱላትና ገጹን ብቻ ይዝጉባት። ካልመለሱላት እኔም ወደ እርስዎ ክፍል አልገባም። ጓጉንቸርነት በዘር ከሆነ ለእኔም ደርሶኛል።

በአክብሮት፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 20

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከምድር ቤቱ እንፋሎት ፈጣሪ ሳንባሽን ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴ አይሆንም ነው።

የእናትሽ እግር ቀንሷል። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ኪኒኗን ፊቴ ታስገባዋለች፤ ምላሷን አንስታ እስክታሳየኝ አልሄድም። ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ።

አሁን ስለማውቀው ነገር ልንገርሽ። ሰው ጥሩ ጓጉንቸር ማለት ውስጡ የማይታወቅ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ውስጡን ማንም የማያውቀው ጓጉንቸር ማለት እንከኑን ሠሪው ብቻ የሚያውቀው ማለት ነው። ጥሩው ሁሉም ሰው ፈትቶ ያየው፣ ምንጩንም ጥርሱንም የቆጠረው፣ ያለ ቁልፉ ግን አልከፍትም ያለ ነው። ነፃው መተግበሪያ እንደዚያ ነው። ትልቁ ደግሞ ቤት ሠርቶ ሲያስረክብ ትርፍ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ «እመኑኝ» እንደሚል ሰው ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ብሠራ እጄን ይቆርጡኝ ነበር። እነሱን ግን ታመሰግኗቸዋላችሁ።

ለሰፈሩም እየነገርኩ ነው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ቁልፉ በሞርሳ ተይዞ እስካለ ድረስ ይሰማኛል፤ የት ይሄዳል? ባለፈው ፀጉሬን ስከረከም ለፀጉር አስተካካዩም ነገርኩት።

«አባባ፣ እኔ ምን የሚሰረቅ ወሬ አለኝ?» አለኝ። «የማወራው ስለ ኳስ ነው።»

«ታዲያ ማታ ሱቅህን ለምን ትቆልፋለህ? ከወንበርና ከመስታወት ሌላ ምን አለህ?»

«መስታወቱ ውድ ነዋ።»

«ሚስትህ የምትጽፍልህስ ርካሽ ነው?»

«እሷ የምትጽፍልኝ ሽንኩርት ይዘህ ና ነው። ሽንኩርት ነጋዴ ቢሰማ ምን ቸገረኝ?»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁብኝ። ጭንቅላቴ በመቀሱ ሥር ስለነበር ተነስቼ መሄድም አልቻልኩም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣ፤ ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም። ምን እንደደረሰበት አልጠየቅሁትም። ጫንኩለት፤ ቃሉን ሲመርጥ ፊቴን አዞርኩ።

ሁለቱንም ልያዝ ትያለሽ። የፊት ለፊቱን በብረት በር ዘግቶ የጓሮውን ክፍት የሚተው ሰው የብረቱን በር ለምን ገዛው? ለአለቃሽም ንገሪው። ሰዎቹን ሁሉ ይዞ ይዛወር። ሁሉም ሌላውን እየጠበቀ ነው እዚያ የታሰረው።

እናትሽ ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ ክፍሉን ከፍታ ታወራልሻለች። ምን እንደምትል አላውቅም፤ ስትጀምር ወደ ጓሮ እወጣለሁ። የምትለው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ግቢና ስሚ።

ፈጣሪ ልብሽን ያለስልስልኝ።

አጎትሽ


ጥር 12

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይነካው ይጠንቀቁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሆቴሉ እንግዳ በዝቶበት ሌሊትና ቀኑ ተቀላቅሎብኛል።

ያሉትን ለአለቃዬ ነገርኩት። ሞኝነቴ ነው። በጋሪው ላይ ተደግፎ ስልኩን እየነካካ አዳመጠኝ።

«ለአንዲት አንሶላ አጣፊ ብለን ምድር ቤቱን በሙሉ እናዛውር?» አለኝ።

«ለእኔ ብቻ አይደለም» አልኩት።

«ለማን ነው ታዲያ?»

አብራኝ የምትተኩሰው ሴት «ምን የምትደብቂው ነገር ተገኘ? ባል አገኘሽ እንዴ?» ብላ ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ ለሥራ የሚገቡት ሰዎች ስም ሲወጣ ቀድሜ «እኔ» ብልም አልመረጠኝም። የተሳሳትኩ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን አፌን ዘጋሁ።

ወደ እናቴ ክፍል አልገባሁም። ስልኬ አሮጌ ነው፤ ሞልቷል። አንድ ነገር ካላጠፋሁ አይጭንም። የላኩልኝ ወረቀት ትራሴ ሥር አለ።

ባለፈው በተራው መስመር ደወልኩላት። «ማነው?» አለችኝ፤ መለስኩላት። ከዚያ ንግግሯ ይቆራረጥ ጀመር። ምን ሆነሽ ነው ስላት «አሁን ደረጃ ወጥቼ ነው» አለችኝ። አጎቴ፣ የእናቴ ቤት ደረጃ የለውም።

እውነቱን ይንገሩኝ። ትልቁንም ይመልሱላት፤ በዚያው ሁላችንም እንረፍ። አንዴ ከተሸነፉልኝ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።

በአክብሮት፣ የእህትዎ ልጅ


ጥር 30

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

እውነቱን ጠይቀሻል። ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ ኪኒኑን ጨምሮላታል። ሽሮፑን በጠጣችበት ጊዜ የተጎዳው አይመለስም ብሎኛል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ታውቀዋለች።

ስልኬ ሞልቷል ትያለሽ። በምን ሞላ? ያንን ብቻ አይተሽ የሚጠፋውን ምረጪ።

ከዚህ ቀደም ያልጻፍኩልሽን ልጻፍልሽ። ትናንት ከጓሮ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናትሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስልኩን እንደ መስታወት ፊቷ ላይ ይዛዋለች። አንድ ነገር አለችና ዝም አለች። ሰው እንደሚያዳምጥ ሆና ጠበቀች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ወደ ኋላ ተመለስኩ። በኋላ ስገባ «አሁን ትሰማኛለች?» አለችኝ።

«ስትገባ ሁሉንም ትሰማለች» አልኳት።

«መቼ ነው የምትገባው?»

«የአንቺ ልጅ አይደለችም? ግትር ናት።»

«የእኔ ብቻ ብትሆንማ ይሄኔ ገብታ ነበር። የአንተ የእህት ልጅ ሆና ነው እንጂ» አለችኝ። ሳቀች፤ ሳቁ ግን አደከማት።

ትልቁን አልመልስላትም። ሽሮፑን ያመጣባትን እጅ እንደገና ቤቷ አላስገባም። አንቺ ግን ግቢ። ከእኔ ጋር ያለሽን ቂም በሩ ላይ ትተሽ ለእሷ ስትይ ግቢ።

ፈጣሪ ይርዳሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም። ደህና እንደማይሆኑ አውቃለሁ።

በማላውቀው ቁጥር የደወሉልኝ እርስዎ እንደነበሩ በኋላ ገባኝ። ሥራ ስንገባ ስልካችንን ሣጥን ውስጥ ነው የምንቆልፈው። ስወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ ትልቁን መተግበሪያ ከፈትኩ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው ለነገ ስሜ መውጣቱን ላይ ብዬ። ከሥራ መርሐ ግብሩ በፊት የእናቴ ፎቶ መጣ። አንድ ዘመዳችን ነው የለጠፈው። ከፎቶው ሥር «ነፍስሽን ይማር» ይላል። መጀመሪያ የማን እናት ናት ብዬ ነው ያየሁት።

ጣቴ ሲነካው ገጹ ትንሽ ወደ ታች ወረደ። ከእናቴ ፎቶ ቀጥሎ ነጭ ጋዎን የለበሰች ሴትዮ ነበረች። «ልብዎ ደከመዎት?» ትላለች። ጠርሙሱንም አየሁት። እርስዎ እንደጻፉልኝ ማን እንደሠራው አይልም።

እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ አጠፋሁት። ለነገ ስሜ ይውጣ አይውጣ ሳላይ አጠፋሁት። ስልኬ ውስጥ ወዲያው ቦታ ተገኘ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ወረቀትዎን ከትራሴ ሥር አውጥቼ እንደጻፉት አድርጌ ገባሁ። የእናቴ ጥሪ እየጠበቀኝ ነበር። ክፍሉን ከፈትኩት። አጎቴ፣ የእያንዳንዱ ቀን መልእክት ተደርድሯል። ቀኑ ይታያል፣ ድምፅ መሆኑ ይታያል። ስነካው «ይህን መልእክት መክፈት አይቻልም» ይላል። ሁሉንም ነካኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት። እናቴን አያታለሁ፣ አልሰማትም።

ስትገባ ሁሉንም ትሰማለች ብለዋት ነበር። እርስዎ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሲጠፋበት የሚጠራዎት ነዎት። ይክፈቱልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። ለእኔም አብሮ ያድርግልኝ፤ ታናሼ ነበረች።

አሟሟቷን መስማት መብትሽ ነው። ያን ቀን ጠዋት ኪኒኗን ውጣልኝ ነው ወደ ሱቄ የሄድኩት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ልብስ ልትወስድ ስትገባ ወለሉ ላይ አገኘቻት። በሕይወት ነበረች፤ መናገር ግን አልቻለችም። ጎረቤቷ ቁጥሬ ስለሌላት እኔን ለመጥራት የእናትሽን ስልክ አነሳች። ተቆልፏል። ቃሉን አታውቀውም። የመሰላትን ሞከረች፤ የገባ ሁሉ የመሰለውን ሞከረ። ስልኩ እምቢ አላቸው። በመጨረሻ ጎረቤቷ በእግሯ ሮጣ ሱቄ መጣች። ስንደርስ አልቆ ነበር። ያንን መቆለፊያ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። በደንብ ነው የሠራው።

ስለ ክፍሉ እኔ ተሳስቼአለሁ። እዚያ ውስጥ የተነገረ የሚከፈተው ሲነገር ክፍሉ ውስጥ ለነበረ ሰው ነው። በኋላ የገባ አይሰማም። ይህ ደንብ ተጽፎ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፤ ግን አልገባኝም ነበር። ማንም ገብቶ እንዳይሰርቅ የተደረገ ነው፤ አንቺንም እንደ ሌባ ቆጠረሽ። ቁልፉ ያለው በእሷ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

ስልኩን ለሚጠግን ሰው ወሰድኩት። «አጥቤ እንደ አዲስ ላደርግልህ እችላለሁ፤ መክፈት አልችልም» አለኝ። በጎረቤቶቹ ሙከራ ዕድሉ ተሟጦ አንድ ብቻ ቀርቷል። እሱ ከተሳሳተ ስልኩ ራሱን ያጠፋል።

እኔ አልሞክርም። አላውቃትም ብዬ አይደለም፤ ከእናታችን ማሕፀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ቃሉን ስትመርጥ ፊቴን አዙሬአለሁ፤ አሁን ስለሞተች አልመለስም። ከሞተ ሰው ካዝና ፊት የሚቆመው ወራሹ ነው። ወደዚያ በሚሄድ መንገደኛ እጅ ስልኩን ልኬልሻለሁ። አንዷ ዕድል ያንቺ ናት።

በትልቁ መተግበሪያ ቢሆን ኖሮ ድምጿ ሁሉ ዛሬ እጅሽ ውስጥ ነበር። ያንን አልክድም። የሽሮፕ ሻጩም እጅ ውስጥ ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ሁለቱን ይዤ ነው የምተኛው። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከተከፈተልሽ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ስለ እኔ ያለችው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን።

ፈጣሪ እጅሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ


ግንቦት 11

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥዎ። መንገደኛው ስልኩን አድርሶልኛል፤ በጨርቅ የጠቀለሉበትን አጠቃለል አይቼ የእርስዎ እጅ መሆኑን አወቅሁ።

ለብዙ ጊዜ ሳልነካው ቆየሁ። ሥራ የማልገባበት ቀን በዝቷል። መርሐ ግብሩ አሁን አይደርሰኝም፤ በር ላይ ሄጄ ቆሜ ሰው የጎደለ ቀን ነው የምገባው። ያቺ ባል አገኘሽ ወይ ያለችኝ ሴት የእናቴን ነገር ስነግራት ስልኳን አውጥታ «ነፃውን ጫኚልኝ» ብላ እዚያው ሰጠችኝ። ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት ተከትለው ገቡ። የሥራ ቀኑን አሁን እነሱ በነፃው ያሳውቁኛል። ጥቂት ነን። አለቃችን «የጓጉንቸር ማኅበር» ይለናል፤ የእርስዎን ስም ማን እንደነገረው እንጃ። እኔ ነኝ መሰለኝ።

ስልኩን የከፈትኩት ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓቴ፣ ሁልጊዜ የምሰማት ቦታ ላይ ተደግፌ ነው። ቃሉ ምን ይሆን ብዬ ብዙ አላሰብኩም። እናቴ «ማነው?» ስትለኝ የምመልስላትን ጻፍኩ። ከዚህ በላይ አልነግርዎትም።

ተከፈተ።

ሁሉንም ሰማሁ። እያንዳንዱ ቀን የሚጀምረው «ማነው?» በማለት ነው። ከዚያ ዝም ትላለች። የእኔን መልስ የሚያህል ጊዜ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ውጭ እርስዎ የጓሮውን በር ሲዘጉ ይሰማኛል። ማንም አይመልስላትም። ከዚያ እንደተመለሰላት ሆና ታወራለች። ስለ ጫማዋ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ኪኒኑ ምላሷ ላይ ስለሚተወው ምሬት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዝምታው እየረዘመ፣ ወሬው እያጠረ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው «ማነው?» ብቻ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ስልኬ ሞልቶ ነበር።

ስለ እርስዎ ያለችው አለ። ብዙ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዎ የጠየቁኝ እሱን ብቻ ነው፤ ቂም ይዤም አይደለም የምከለክልዎት። ለእኔ ነው የነገረችኝ። ቆልፋ ነው የነገረችኝ፤ መቆለፍ ያስተማሯትም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አጎቴ፣ በሥራዎ ደንብ እጠይቅዎታለሁ። ፊትዎን ያዙሩ።

ያኑርልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 5

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ተከፍቶልሽ ስለሰማሻት ፈጣሪ ይመስገን።

ሱቄ እንደነበረ ነው። ሰው ይመጣል፣ እነግረዋለሁ፤ የሚሰማ ይሰማል፣ የሚስቅ ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬአለሁ። ቃሉን ሲመርጥ ፊቴን አዞርና ሲጨርስ «አንተ ብትወድቅ ማን ይከፍተዋል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሰው ይህን አይወድም። ፀጉር አስተካካዩ «አባባ፣ ቁልፍ ሠሪነቱን ትተህ ሟርተኛ ሆንክ» አለኝ። ቢሆንም ለሚስቱ ሳይነግራት አላሰናበትኩትም። ሱቄ ድረስ አስጠራኋት።

በእናትሽ ቤት በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር አድርጌ ሁለት ቁልፍ ቀርጬለታለሁ። አንዱ ይኸው፣ ከደብዳቤው ጋር ተሰፍቷል። ሁለተኛውን ለጎረቤቷ ሰጠኋት፤ ሮጣ ለመጣችው። እኔ ጋ የቀረ የለም። የልብስ መስፊያዋን ሸፍኜ ነው የወጣሁት፤ ስትመጪ እንዳለ ታገኚዋለሽ።

ስለ ጠየቅሁሽ ነገር፣ ልክ ነሽ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው።

አጎትሽ